እንጨትም አሳብ አለው

«ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንላለን። ልጅ ለመቅጣት፣ ተማሪ ለማረም፣ አንዳንዴም ሕዝብን «ለማስተካከል» ይህቺ ተረት ምስክር ሆና ትጠራለች። መቼም እንጨቱን ምን ትላለህ ብሎ የጠየቀው የለም።

ጀርመናዊው ኤርንስት ጋምፐርል የጠየቀው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 የመጀመሪያውን የሎዌ የእደ ጥበብ ሽልማት ያስገኘለት «የሕይወት ዛፍ 2» ከኦክ እንጨት የተሠራ ትልቅ ዕቃ ነው። ያየሁት በፎቶግራፍ ብቻ ቢሆንም ዓይኔን ይዞታል። ሰውየው እንጨቱ እስኪደርቅ አይጠብቅም። እርጥቡን ግንድ ቶርኖ ላይ እያሽከረከረ ሆዱን ይፈለፍላል፤ ግድግዳው ሲሳሳ ይተወዋል። እንጨቱም እየደረቀ ይጣመማል።

ታዲያ «ይህማ የተፈጥሮ ሥራ ነው» የሚል አድናቂ አይጠፋም። እኔ አልስማማም። እንጨት እንዳሻው አይጣመምም። በዕድገት ቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሐሉ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው፤ በቁመቱ ግን ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ከተፈለጠ ግንድ በአግድም የወጣ ክብ ሳህን ሲደርቅ ሞላላ ይሆናል። ግድግዳው አንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ ከሳሳ ደግሞ እኩል ስለማይደርቅ ይሰነጠቃል። ባለሙያው ግንዱን ሲያጋድም፣ ውፍረቱን ሲለካ፣ የነገውን ቅርጽ ዛሬ እያነበበ ነው። የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ለእንጨቱ ይተውለታል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ገጸ ባሕርይ ደራሲው ያዘዘውን ብቻ ሲናገር ልብ ወለዱ ሕይወት ያጣል፤ ደራሲው ጨርሶ ሲለቀው ደግሞ ይበተናል።

በዚህ መንገድ የሚሠራ ሁሉ ያምራል ማለቴ ግን አይደለም። መጣመም ፋሽን ሲሆን፣ ሠሪው ሳያስብበት የተንጋደደው ሁሉ «ጥበብ» ሲባል፣ ያው ስንፍና ነው። የጋምፐርል ዕቃ ግን ተጣሞም ሚዛኑን አልሳተም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ተረታችን እንመለስ። በእርጥቡ መቅረጽ እውነት ነው። ነገር ግን የቀረጽነው ሁሉ ከእጃችን ወጥቶ ገና ይደርቃል። እኛ ቅርጹን እንጂ መድረቁን አናስብም። ልጁ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሲሰነጠቅ «ድሮም እንጨቱ መጥፎ ነበር» እንላለን። ቶርኖው ላይ ማን ቆሞ እንደነበር ግን ማንም አይጠይቅም።