ብረት ያልሆነ ብረት

በእኛ ቋንቋ ሽጉጥም ጠመንጃም «ብረት» ነው። «ብረትህን አስቀምጥ» የተባለ ሰው ምኑን እንደሚያስቀምጥ አይጠይቅም። ስለዚህ ግማሽ አካሉ ፕላስቲክ የሆነ ሽጉጥ ዓለምን ሲያዳርስ ለእኛ የቋንቋ ጣጣም ይዞ መጣ። ብረት ያልሆነውን ብረት ምን እንበለው?

ማካሮቭ የሚባለውን የሶቪየት ሽጉጥ ያወቅሁት ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ብዙም በማይርቅ ግቢ፣ አጎቴ ጠረጴዛ ላይ ነው። አጎቴ ፖሊስ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ያለፈ ሳምንት አዲስ ዘመን ያነጥፍና ካዝናውን ያወጣል፤ ከዚያ ስቦ ውስጡ ባዶ መሆኑን በዓይኑም በትንሽ ጣቱም ያረጋግጣል። ከጎኑ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ የነጠላ ቁራጭና የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አሉ። እኔ ከበሩ ማለፍ አይፈቀድልኝም።

«ጋሼ፣ ልየው?»

«በዓይንህ እየው። ዓይን አይተኩስም።»

በዓይኔ አየሁት። መጀመሪያ የገረመኝ አፈታቱ ነው። መፍቻም ብሎንም አልነበረም። የምላጩን ቀለበት ወደ ታች ሳብ አድርጎ ወደ ጎን ያስደግፈዋል፣ ተንሸራታቹን ወደ ኋላ ስቦ ከኋላው ብድግ ያደርገዋል፣ አለቀ። ጋዜጣው ላይ ሦስት ነገር ይተኛል፦ አካሉ ከነአፈሙዙ፣ ተንሸራታቹ፣ ሞላው።

ኒኮላይ ማካሮቭ ይህን ሽጉጥ ሲነድፍ የጀርመኑን ዋልተር ፒፒ አይቶ ነው፤ የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1951 ታጠቀው። ከዋልተር ምን ወሰደ፣ ምን ጨመረ የሚለውን ለባለሙያዎች ልተወው። እኔን የሚማርከኝ ሌላ ነው፤ በዚህ ሽጉጥ ውስጥ ሥራ የፈታ ብረት የለም። መያዣው ውስጥ የተሸጎጠውን ጠፍጣፋ ሞላ እንይ። መዶሻውን የሚያስመታው እሱ ነው። ከምላጩ ወደ መዶሻው የሚሄደውን ዘንግ ቦታው ላይ ገፍቶ የሚይዘውም እሱ ነው። የታችኛው ጫፉ ደግሞ ካዝናው እንዳይወድቅ የሚይዝ መቀርቀሪያ ሆኗል። በአንድ ደመወዝ ሦስት ሥራ! ጥይቱ ሲያልቅ ተንሸራታቹን ወደ ኋላ ይዞ የሚያቆመው ቁራጭም እንዲሁ ነው፤ በሌላኛው ጫፉ ቀለሁን መትቶ ወደ ውጭ ይወረውራል። ጥይቱን የሚወጋው መርፌ ሞላ እንኳ የለውም፣ ቀዳዳው ውስጥ ልቅ ሆኖ ይመላለሳል። በግራ በኩል ያለችው ትንሽ መቆለፊያ ወደ ላይ ስትገፋ ሽጉጡን ከመቆለፏ ሌላ የተሳበውን መዶሻ ሳይተኩስ ታወርደዋለች። የካዝናው ጎኖች ክፍት ስለሆኑ ስንት ጥይት እንደቀረ ሳያወጡ መቁጠር ይቻላል።

አፈሙዙ ከአካሉ ጋር ተጣብቋል፣ አይነቃነቅም። ሲተኮስ ተንሸራታቹን ከአፈሙዙ ጋር ቆልፎ የሚይዝ ነገርም የለም። ባሩዱ ሲፈነዳ የሚገታው የራሱ ክብደትና አፈሙዙን ከብቦ የተቀመጠው ሞላ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ሽጉጥ ቀላል ልሁን ቢል አይችልም፤ ክብደቱ ሥራው ነው። ባዶውን 730 ግራም ይመዝናል፣ 8 ጥይት ይጎርሳል፣ ጥይቱም ምዕራባውያን ከሚጠቀሙበት 9 በ19 አጠር ያለና ለዘብ ያለ 9 በ18 ነው። ቀላልነቱ የተገዛው በዚህ ዋጋ ነው፤ ማካሮቭን የሚያወድስ ሰው ይህን ደብቆ ባያወድስ ደስ ይለኛል።

ውስጡን ያየ ሰው የመቁረጫውን ዱካ ጭረት በጭረት ያገኘዋል። ሠራተኛው ማንም በማያየው ቦታ ጊዜ አላባከነም። ብረት ከብረት የሚፋተግበት ቦታ ግን ልስልስ ነው። ከውጭ ጥቁር ሰማያዊ ቀለሙ ከቆዳ ማህደሩ ጋር እየታሸ ጠርዝ ጠርዙ ነጥቶ ነበር፤ የአጎቴ አውራ ጣት የምታርፍበትም ቦታ እንዲሁ። የሃያ ዓመት አገልግሎት እዚያ ላይ ይነበባል።

ግን ሐምሌ አለ። የኮልፌን ሐምሌ የማያውቅ ሰው ብረት መታጠቅ ምን እንደሆነ ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው። ጭቃው፣ ያልደረቀው ካፖርት፣ ዳገት ሲወጣ ወገብ ላይ የሚጠራቀመው ላብ ሁሉ ተንሸራታቹ ላይ ቡናማ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። በክረምት የአጎቴ ቅዳሜ ረቡዕንም ይጨምር ነበር።

ያንን ግማሽ ፕላስቲክ ሽጉጥ፣ ግሎክን፣ ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ቨርጂኒያ፣ የአክስቴ ልጅ ቤት ነው። ከተቆለፈ ሣጥን አውጥቶ፣ ባዶ መሆኑን አሳይቶ ሰጠኝ። እውነቱን ለመናገር ለበዓል ከመርካቶ የሚገዛልን መጫወቻ ነው ትዝ ያለኝ። ጋስቶን ግሎክ የመጋረጃ ዘንግና ቢላ የሚያመርት ሰው ነበር፤ ከዚያ በፊት ሽጉጥ ሠርቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1982 የኦስትሪያ ጦር የእሱን ሽጉጥ መረጠ። ፕላስቲክ አካል ያለው ሽጉጥ የመጀመሪያው እሱ አይደለም፤ የጀርመኑ ቪፒ70 እ.ኤ.አ. በ1970 ቀድሞታል። ዓለምን ያሳመነው ግን ግሎክ ነው። አካሉ እንደ ጀሪካን በቅርጽ ይፈሳል፤ ተንሸራታቹ የሚሄድባቸው ጥቂት የብረት ቁራጮች ብቻ ፕላስቲኩ ውስጥ ተቀብረዋል። የላይኛው ብረት ገጹ በናይትሮጅን ስለጠነከረ ላብና ጨው በቀላሉ አይበሉትም። አፈሙዙ ሲተኮስ ዘንበል ብሎ ከተንሸራታቹ ስለሚላቀቅ ኃይለኛውን ጥይት ለመግታት ከባድ ብረት አያስፈልገውም። 17 ጥይት ይጎርሳል፣ ባዶውን ግን ከማካሮቭ ይቀልላል።

«መቼ ነው የምትወለውለው?» አልኩት።

«መወልወል አለበት እንዴ?»

ልዩነቱ የገባኝ ያኔ ነው። ስብሰባ ከሸፈ፣ ሠርግ ከሸፈ ብንልም መክሸፍን ታጣቂ ሰው ሲሰማው ፊቱ የሚመጣው ያልፈነዳ ጥይት ነው። አጎቴ ሽጉጡ እንደማይከሽፍበት የተማመነው በቅዳሜዎቹ ስለተማመነ ነው። ብረቱ ታማኝ የሚሆነው ከሰውየው ጋር ነው። ግሎክ ሰውየውን ከሒሳቡ አወጣው። ወገብ ላይ ውሎ ለሚያድር ነገር ይህ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ዛሬ ለሥራዬ የሚያስፈልገኝ ሰው ብሆን ሳላቅማማ ፕላስቲኩን እመርጣለሁ። ቁጭ ብዬ ላየው የምፈልገው ግን ያንን አይደለም። የማካሮቭ መያዣ ቢሰነጠቅ ከወይራ ቀርጾ የሚተካ አናጺ አይጠፋም። የግሎክ አካል ቢሰነጠቅ የሚጠገንበት እጅ እኛ ሰፈር የለም፣ አጎቴ ጋዜጣ ላይ የሚያነብበው ነገርም የለበትም።

ኮልፌ በሽጉጥ ታሪክ ውስጥ የገባችው በሌላ በኩል ነው። በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኔልሰን ማንዴላ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ወታደራዊ ሥልጠና ወሰዱ፤ ተኩስ፣ ፈንጂ፣ ረጅም የእግር ጉዞ። ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ሳምንታት እንደቆየ ተቋረጠ፣ ወደ አገራቸው ተጠሩ። ሲሸኟቸው ኮሎኔል ታደሰ ብሩ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጧቸው። ታደሰ የታኅሣሥ 1953ቱን መፈንቅለ መንግሥት በማክሸፍ ስማቸው የተነሣ፣ በ1967 ደግሞ ደርግ የረሸናቸው መኮንን ናቸው። ማንዴላ በመጽሐፋቸው የሽጉጡን ዓይነት አልጠሩም። ሽጉጡ ጠፍቶ ሲፈልጉት የኖሩት ሰዎች ግን ማካሮቭ ነው ይላሉ። ያኔ አሜሪካ ያስታጠቀችው አገር የሶቪየት ሽጉጥ ስጦታ መስጠቷ ትንሽ ያስፈግጋል።

ማንዴላ ሽጉጡን ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ሪቮኒያ በሚገኘው የሊሊስሊፍ እርሻ፣ ከቤቱ ብዙም ሳይርቁ ቀበሩት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን 1962 ሃዊክ አጠገብ ተያዙ፤ ከእስር የወጡት ከ27 ዓመት በኋላ ነው። እርሻው ሙዚየም ሆነ፣ መሬቱ ተቆፈረ፣ ሽጉጡ አልተገኘም።

አጎቴ ይህን ታሪክ ስነግረው ስለ ማንዴላ አልጠየቀኝም። «በምን ጠቀለሉት?» አለ። ከዚያ ጣቱን እየቆጠረ፣ መጀመሪያ ጠፍጣፋው ሞላ፣ ቀጥሎ ካዝናው፣ ቀጥሎ ተንሸራታቹ አለ፤ ስልሳ ዓመት ዘይት ሳይነካው ዝገቱ የሚበላውን በቅደም ተከተል።

«መያዣውስ?» አልኩት። ማካሮቭ ኮከብ የታተመበት፣ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ መያዣ አለው፤ በአንዲት ብሎን ከኋላ የሚታሠር።

«እሱማ ይኖራል። ባክላይት አይደል?»

ባክላይት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ የሆነ የመጀመሪያው ፕላስቲክ ነው።