ሚሞሪ ካርዱ ላይ ያለው ዘፈን ዕዳው የማን ነው?

በገበያ ቀን ቦኬ የወረደ ሰው ሱቁን ያውቀዋል። አንድ ኮምፒውተር፣ በር ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ፣ «ዘፈን እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ። ሚሞሪ ካርዳችሁን ትሰጣላችሁ፤ ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ሞልቶ ይጠብቃችኋል። እኔም የሙዚቃ ወዳጅ የሆንኩት በዚህ መንገድ ነው። አሳታሚዎች ይህን ሌብነት ይሉታል። ቃሉ ይገባኛል? በከፊል።

መጀመሪያ ስሌቱን እንየው። በሰከንድ 128 ኪሎቢት የተጨመቀ፣ ሦስት ደቂቃ ተኩል የሚፈጅ ኤምፒ3 ዘፈን 3.4 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። 2 ጊጋባይት ካርድ ወደ 600 ዘፈን ይችላል ማለት ነው። አንዱን 5 ብር ብናደርገው፣ በአሳታሚ ሒሳብ 3,000 ብር ተሰርቋል። እስቲ አስቡት፦ ጫት ሲጭንና ሲያወርድ የሚውል ልጅ ለዘፈን 3,000 ብር ሊያወጣ ነበር? ካርዱ ባይሞላለት ሬዲዮ ይሰማ ነበር እንጂ አይገዛም።

ይህን ብዬ ራሴን ነጻ ባወጣ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ለጫኚው ከፍያለሁ። ትንሽም ብትሆን ከኪሴ የወጣች ብር ነች፤ ከሷ ውስጥ ለዘፋኙ የደረሰች ሳንቲም የለችም። የ1996ቱ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ይህን ይለያል፦ የታተመን ሥራ ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ መውሰድን ይፈቅዳል፤ እያባዙ መሸጥን ግን ይከለክላል፤ ሆን ብሎ መብት ለጣሰም ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጓል። ሱቁ ግን ይኸው ክፍት ነው። እንዲህ የከበደ ቅጣት፣ ለእንዲህ ያለ ተራ ነገር፣ ማንም አያስፈጽመውም።

በካሴት ዘመን ቅጂ ከቅጂ ሲገለበጥ ሹሹታው እየጨመረ ስለሚሄድ ዋናው ካሴት ዋጋ ነበረው። የዲጂታል ቅጂ ግን ከዋናው አንዲት ቢት አይለይም። ሕጉ አሁንም የሚቆጥረው ቅጂን ነው፤ ቅጂ ደግሞ በነጻ የሚፈስ ነገር ሆኗል።

ዓሊ ቢራን ውሰዱ፤ ሐረርጌ ውስጥ እሱን ሳይሰማ ያደገ የለም። የመጀመሪያው የኦሮምኛ አልበም የሚባለው ሥራው የወጣው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። በአዋጁ የከዋኝ መብት ከቀረጻው ጀምሮ 50 ዓመት ነው። ደምሩት፦ 2021። ዓሊ ቢራ ያረፈው በ2022 ነው። የግጥምና ዜማ ባለቤት መብት ዕድሜ ልክና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ የድምፁ ጥበቃ ግን ባለድምፁ በሕይወት እያለ ጊዜው አለቀ። ስለ «ሌባ» ብዙ ያወራው ኢንዱስትሪ ስለዚህ ሲናገር አልሰማሁም።

«ዩቲዩብ አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። ነገር ግን ዘፈንን በድምፅ አሻራው የሚለየው ሥርዓቱ በቀጥታ የተከፈተው ብዙ ሥራ ለያዙ ባለመብቶች ነው። የቦኬ ሰርግ ዘፋኝ በደላላ ካልሆነ አይገባበትም።

እኔ የሚሻል የሚመስለኝ ሌላ ነው። ጀርመን በ1965 እ.ኤ.አ. ሰውን ቤቱ ድረስ ማሳደድ ትታ መቅረጫ መሣሪያው ላይ ክፍያ ጣለች፤ ገንዘቡ ለባለመብቶች ይከፋፈላል። እኛም ጋ ማሻሻያው አዋጅ 872 ሮያሊቲ የሚሰበስቡ የጋራ አስተዳደር ማኅበራትን ፈቅዷል። ሚሞሪ ካርድ ላይ ጥቂት ብር ቢጨመር እኔ እከፍላለሁ።

ለማን ይከፋፈል? እዚህ ላይ የጫኚው ኮምፒውተር ከማንም ቢሮ የበለጠ ያውቃል፤ የትኛው ዘፈን ስንት ጊዜ እንደተጫነ መዝግቦ መያዝ የሚችል እሱ ነው። ፈቃድ ሰጥቶ በየወሩ ዝርዝሩን መቀበል ይቻላል። ችግሩ፣ ዝርዝሩ ውስጥ «አዲስ ኦሮምኛ 14» ተብሎ የተቀመጠ ፋይል አለ፤ የዘፋኙ ስም የለበትም። ጫኚውን ብትጠይቁት ግን የማን ልጅ እንደሆነ፣ የትኛው ሰርግ ላይ እንደተቀረጸ ይነግራችኋል።