ገደል ከላይ ሲታይ

ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በእግር መጓዝ፣ ልጆቹ «ሃይኪንግ» የሚሉት ነገር፣ ከመጡልን ፋሽኖች ሁሉ ደህናው ነው እላለሁ። ከጫትም ከድራፍትም ይሻላል። የምተቸው ጉዞውን ሳይሆን ከጉዞው በፊት ተደረገ የሚባለውን «ቅኝት» ነው። ያሁኑ ጉዞ አዘጋጅ ቅኝቱን የሚጨርሰው ካፌ ቁጭ ብሎ ነው። ጎግል ኧርዝን ይከፍታል፣ በጣቱ መስመር ያሰምራል፣ መስመሩን ስልኩ ወይም ጂፒኤሱ ላይ ይጭናል። ከዚያ «መንገዱን አይቼዋለሁ» ይላል። የቱን አየ?

እርግጥ መሣሪያው የሚናቅ አይደለም። እስከ 1992 ዓ.ም. ድረስ አሜሪካኖች ለሲቪሉ የሚለቁትን የሳተላይት ምልክት ሆን ብለው ያዛቡት ስለነበር፣ በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስ እስከ 100 ሜትር ይስት ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ማዛባቱ ሲቀር ስህተቱ ወደ 10 ሜትር ገደማ ወረደ። በ1997 ደግሞ ጎግል ኧርዝ መጣ። ለአንድ የ1፡50,000 ካርታ ካርታ ሥራ ድርጅት ደጅ ይጠና ለነበረ ሰው ይሄ ተአምር ነው።

ግን ሳተላይቱ የሚያየው ከአናት ነው፤ ከአናት የታየ ገደል ደግሞ ገደል አይመስልም። ደብረ ሊባኖስ አካባቢ ሜዳው ድንገት አልቆ ቁልቁል የሚወርደውን ግድግዳ ስክሪን ላይ ብታዩት ቀጭን ጥላ ነው፣ እስኪርቢቶ ያመለጠው ሰው ያሰመረው የሚመስል። በብዙ ነፃ ካርታዎች ላይ ያለው የከፍታ መረጃም ቢሆን በ1992 ዓ.ም. የጠፈር መንኮራኩር የለካችው ነው፤ በየ30 ሜትሩ አንድ ቁጥር። ገደሉ በሁለት ቁጥሮች መካከል ከወደቀ ለስልሶ ዳገት ይሆናል። ምስሉም የበጋ ነው፣ ክረምቱን ደመና ይጋርደዋላ። በጥር አሸዋ ብቻ ሆኖ የታየው ወንዝ ሐምሌ ላይ ሰው ይወስዳል። የወረቀት ካርታ ይሻለኛል ለሚል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የቆዩት ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ ነው፣ ጂፒኤሱ በሌላ። ሳያስተካክል የሚሄድ ሰው ከ200 ሜትር በላይ ይስታል። ገደል አፋፍ ላይ 200 ሜትር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ይሄ ሁሉ በልምድ ይታረማል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላው ነው፤ ምስሉ ላይ ሰው የለም። ደቡብ ጎንደርን ከላይ ስታዩ በቡናማው እርሻ መሃል ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣቦች አሉ። ካፌ ለተቀመጠው ልጅ «ለድንኳን የሚመች ጥላ» ናቸው። ቦታው ግን የቤተ ክርስቲያን ደን ነው፤ መቃብር አለበት፣ አጥር አለው፣ ሳያስፈቅዱ ድንኳን አይተከልበትም።

ወደ አዲስ አበባ ዙሪያ ስንመጣ ነገሩ ይከፋል። እዚያ ለሚኖር ገበሬ፣ ትንሽ መሣሪያ ወደ ሰማይ አቅንቶ ማሳው ዳር የሚቆም ከተሜ ማለት መሬት ለካ ማለት ነው። ለክተው የሄዱ ሰዎች ኋላ ምን ይዘው እንደተመለሱ ያውቀዋል፤ አጥር፣ ቆርቆሮ፣ አነስተኛ ካሳ። ዋና ከተማዋንና ዙሪያዋን ያጣመረው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ቀስቅሶ፣ የሰው ሕይወት ጠፍቶበት፣ በ2008 ጥር ተሰርዟል። በዚህ መሬት ላይ ሰላሳ ልጅ ባለ ቀለም ጃኬት ለብሶ፣ አንዱ ጂፒኤስ ይዞ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» እያለ የሰው ጤፍ ዳር ሲያልፍ፣ በኦሮምኛም ይጠየቅ በአማርኛ፣ «ልጆቼ፣ ከየት ቢሮ ነው የመጣችሁት?» መባሉ አይቀርም። «ለመዝናናት ነው» የሚለውን መልስ ማን ያምናል? እኔ ብሆን አላምንም።

አዘጋጆቹ ታዲያ «ገበሬው አልገባውም፣ ቴክኖሎጂ አያውቅም» ይላሉ። እንዴት አያውቅ! የይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው ልኬት በዚሁ መሣሪያ የተወሰደለት ስንቱ ነው? ከነሱ ይልቅ እሱ ነው ጂፒኤስ ምን እንደሚያደርግ የገባው።

ሰላሳ ሰው ከመጫናችሁ በፊት በአዘቦት ቀን ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። በገበያ ቀን ግን አይሁን፣ ሰው አታገኙም። ማሳው ዳር ቁጭ በሉና ስልኩን ገልብጣችሁ ለባለቤቱ አሳዩት። መጀመሪያ የሚፈልገው የራሱን ግቢ ነው፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን ድንበር፤ እሱ ላይ ትንሽ ይቆያል፣ ታገሱት። ከዚያ «ይሄማ የድሮ ነው፣ ይሄ ዛፍ ተቆርጧል» ብሎ ይጀምርና የከብት መውረጃው በየት እንደሆነ፣ ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ የማን ውሻ እንደሚናከስ ይነግራችኋል።