የተቆለፈው የሥዕል ክፍል
(በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የሥነ ሥዕል ትምህርት አሰጣጥ ላይ የቀረበ ሂስ)

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆቻችን የሥነ ሥዕል ትምህርት ሲሰጥ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ይሁን እንጂ ሥዕል ከክፍለ ጊዜው ውጭ በሠልጣኙ የዕለት ኑሮ ውስጥ ምን ያህል ገብቷል ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ የሚያኮራ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ችግሩ ከገንዘብ እጥረት ይልቅ ከአሰጣጣችን የመነጨ መሆኑን ማሳየት ነው።

ሂሱን ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባዘጋጀሁት ሞጁል ውስጥ ስለ ሞቃትና ስለ ቀዝቃዛ ቀለማት ሰፊ ትርጓሜ አስገብቼ፣ ፈተናውንም ከዚያው አውጥቼ ነበር። አንዲት ሠልጣኝ ትርጓሜውን ሳታዛንፍ ጽፋ ሙሉ ነጥብ አገኘች። ከፈተናው በኋላ ግን ከለበሰችው ነጠላ ጥለት ላይ ሞቃቱን ቀለም እንድታሳየኝ ብጠይቃት፣ ጥለቱን አገላብጣ አየችና «መምህር፣ ይህም ከሥዕል ይቆጠራል እንዴ?» አለችኝ። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም፤ ቃሉን አስተምረን ማየትን ያላስተማርናት እኛው ነን።

የቀደሙት ሠዓሊዎቻችን ሥዕልን ያኖሩት ሰው በሚሰበሰብበት ሥፍራ ነው። በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ከመቶ በላይ በሆኑ ክንፋም የመላእክት ፊቶች የተሸፈነ ነው። ይህ ጥበብ የራሱ ሰዋስው አለው፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቃን ሁለቱም ዓይኖቻቸው እየታዩ ሲሣሉ፣ ክፉዎች ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን ይሣላሉ። እንደዚሁም ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1961 ለተመረቀው ለአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ የሠሩት፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው የመስታወት ሥዕል የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን በሦስት ክፍል ያሳያል። ብርሃን ከበስተኋላው ስለሚገባ የቀለሙ ድምቀት ከጧት እስከ ማታ ይለዋወጣል። ሁለቱም ሥራዎች የሚሰጡት ትምህርት አንድ ነው፤ ሥዕል ኖረው የሚያዩት እንጂ በዓመት አንድ ቀን የሚጎበኙት አይደለም።

በኮሌጆቻችን የተለመደው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የሥዕል ክፍሉ ከክፍለ ጊዜው በኋላ ይቆለፋል፤ በዓመቱ መጨረሻ ዐውደ ርእይ ይከፈታል፤ በማግሥቱ ሥዕሎቹ ወደ መጋዘን ይመለሳሉ። «እንግዲያው ግድግዳውን ሁሉ በሥዕል እናልብሰው» የሚለውም መፍትሔ በቂ አይደለም። ማንም የማይጠይቅበት ሥዕል ከወር በኋላ ከግድግዳው ተለይቶ አይታይምና።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ። በየወሩ አንድ ሥራ ብቻ በመመገቢያ አዳራሹ ደጃፍ፣ በዓይን ትክክል ይቀመጥ። መግለጫ አይለጠፍበት፤ በምትኩ አንድ ጥያቄ ይጻፍበት፤ «ይህ ሰው ስለ ምን በአንድ ዓይን ተሣለ?» እንደሚለው ያለ። ሠልጣኞቻችን ከልዩ ልዩ አካባቢና እምነት የመጡ ስለሆኑ ሥራዎቹም እንደዚሁ ይለያዩ፤ አንድ ወር የሐረር ስፌት፣ አንድ ወር የዶርዜ ሽመና፣ አንድ ወር የሠልጣኙ የራሱ የከሰል ንድፍ ይቅረብ። በወሩ መጨረሻ ሠልጣኞች ያዩትን ለአሥር ደቂቃ ይነጋገሩበት። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ችንካርና አንድ ኃላፊነት የሚሰማው መምህር ነው።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ «ነጥብ ካልተሰጠበት ማን ያየዋል?» ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ሠልጣኙ ለነጥብ እንዲሮጥ ያስለመድነው እኛው ነንና። ሆኖም ነጥብ ከተሰጠበት ሠልጣኙ ያየውን ትቶ መምህሩ የሚወደውን መልስ መጻፉ አይቀርም። ስለዚህ በመጀመሪያ ጥቂቶች ብቻ ቆመው ቢያዩም ታግሦ መቆየት ይሻላል።

ጉዳዩ የኮሌጁ ብቻ አይደለም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ተካቷል። ይህን ትምህርት ለሕፃናቱ የሚሰጡት ከእኛ የሚወጡት ሠልጣኞች ናቸው። ራሱ ማየትን ያልለመደ መምህር በሰሌዳ ላይ አንድ አበባ ሥሎ «ይህን ገልብጡ» ከማለት አያልፍም፤ አርባውም ልጆች አንድ ዓይነት አበባ ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እናቲቱ የሰፋችው መሶብ ግን የሚጠይቀው ሳያገኝ በቤት ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ስለ ሥዕል ክፍል ግንባታ ከመነጋገራቸው በፊት የነባሩ ክፍል ቁልፍ በማን እጅ እንዳለና ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ቢጠይቁ መልካም ነው።