ወጥመድ ያልነበረ ስጦታ፦ «ዘ ጌም»ን ከጋፋት ሆኖ ማየት

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1991 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው «ዘ ጌም» የተባለው የ«ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን» ክፍል የሚጀምረው በአንድ ስጦታ ነው። የኅዋ መርከቧ የኤንተርፕራይዝ ምክትል አዛዥ ዊልያም ራይከር ለዕረፍት ከሄደባት ፕላኔት አንዲት ሴት የሰጠችውን ጨዋታ ይዞ ይመለሳል። ጨዋታው ራስ ላይ የሚጠለቅ ቀላል ነገር ነው፤ ተጫዋቹ ባሸነፈ ቁጥር አንጎሉን በደስታ ይሞላዋል። ራይከር ለባልደረቦቹ ያካፍላል፣ እነሱም ለሌሎች፤ ጥቂት ቆይቶ ካፒቴን ፒካርድ ሳይቀር ተይዟል። ሰው ሠራሹ መኮንን ዴታ በጨዋታው የማይያዝ በመሆኑ አስቀድመው አጥፍተውታል። በስተመጨረሻ ለጉብኝት የመጣው ወጣት ዌስሊ ክራሸር ጊዜ ይገዛል፣ ዴታ ይነቃል፣ በብርሃን ብልጭታም የሁሉንም አእምሮ ይፈታል። ስጦታውን የሰጠችው ሴት መርከቧን ለመቆጣጠር ያሰበች ጠላት ኖራለች፤ ትያዛለች፣ ታሪኩም ያልቃል።

በድርሰትነቱ የተዋጣለት ነው። ይሁን እንጂ መርከበኞቹ ስጦታውን ለምን እንደፈለጉት አይጠይቅም። ሰጪዋ ተንኮለኛ ናት፣ ዕቃው አንጎልን በግድ ይይዛል፤ ተቀባዩ ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። ፈተናው ከውጭ ስለመጣ ብልጭታው ሲበራ ከውጭ እንደመጣ ይወጣል፣ ማንም ራሱን አይመረምርም። ይህን ክፍል ከደብረ ታቦር ሆኖ ለሚያይ ሰው ጉድለቱ ጎልቶ ይወጣል፤ ምክንያቱም ከከተማዋ ጥቂት ራቅ ብሎ ጋፋት ላይ የተፈጸመው ታሪክ ክፉ ሰጪ የሌለው፣ ግን ሰጪውንም ተቀባዩንም የለወጠ ስጦታ ታሪክ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው፦ አደገኛ ስጦታ ኃይል የሚያገኘው ከተቀባዩ የቆየና እውነተኛ ፍላጎት ነው፤ ተንኮለኛ ሰጪ ፍለጋ የሚሮጥ ትችት ደግሞ ይህን ፍላጎት ሳያይ ያልፈዋል።

ፍላጎቱ ከጋፋት ይቀድማል። ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ካሣ ኃይሉ ሳሉ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ፣ በሱዳን ድንበር፣ የግብፅን ጦር ገጥመው ነበር። የካሣ ሠራዊት በጀግንነት አላነሰም፤ የመለሰው መድፍና ሥርዓት የያዘ የተኩስ ስልት ነበር። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ሲደፉ ይህን ሽንፈት ልባቸው ውስጥ ይዘውት ነበር። ከዚያ በኋላ ከውጭ ሰው ጋር ያደረጉትን ግንኙነት ሁሉ ያለ ደባርቂ መረዳት አይቻልም። መድፉን የፈለጉት ለጌጥ ወይም ለትዕቢት ነበር የሚሉ ጸሐፊዎች ይህን ይዘሉታል፤ እኔ አልቀበላቸውም።

የመጀመሪያው ስጦታ ሲያዩት ምንም ጉዳት የሌለበት ነበር። የኢየሩሳሌሙ የፕሮቴስታንት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት በወጣትነቱ ጎንደርን ያየ ሰው ነው። ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ቤት ሰዎችን ወደ ኢትዮጵያ ሲልክ ሰባኪ ካህናትን ሳይሆን የእጅ ሙያ ያላቸውን ምእመናን መረጠ። እየሠሩ ይኖራሉ፣ እየኖሩ ወንጌል ያስተምራሉ የሚል ሐሳብ ነበር። ማርቲን ፍላድ፣ ቴዎፍሎስ ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር የሚባሉት በዚህ መንገድ መጡ። በሣጥናቸው የያዙት እጅ መንሻ በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መጽሐፉን አክብረው ተቀበሉ፤ ዓይናቸው ግን ያረፈው በሰዎቹ እጅ ላይ ነበር። ለቤተ መንግሥቱ የቀረበው ስጦታ መጽሐፉ ቢሆንም፣ ቤተ መንግሥቱ የተቀበለው የእጅ ሙያውን ነው።

ጋፋት ላይ የሆነውን በዝርዝር የምናውቀው በአብዛኛው ከቫልድማየርና ከፍላድ ማስታወሻዎች ነው። የደብተራ ዘነብ ዜና መዋዕል ታላቁ መድፍ ከመሠራቱ በፊት ያበቃል። ስለዚህ የምናነበው በኋላ ዘመን፣ አውሮፓ ውስጥ፣ ለሚስዮን ወዳጆች የተጻፈ ምስክርነት መሆኑን መርሳት የለብንም፤ ጸሐፊዎቹ ወንጌል ሊያስተምሩ ሄደው ለምን መድፍ እንዳፈሰሱ ማስረዳት ነበረባቸው። ያም ሆኖ ዋናው መስመር አያከራክርም። ንጉሡ መድፍ ሥሩ አሉ፤ ሙያተኞቹ አናውቅም አሉ፤ ንጉሡ ግን መልሱን አልተቀበሉም። ምድጃ ተሠራ፣ ሸክላ ተፈተነ፣ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ብረት ማፍሰስ ከሚያውቀው ከፖላንዳዊው ሞሪትስ ሃል ጋር ሆነው ደጋግመው ሞከሩ። ሲሳካም ንጉሡ ደስታቸውን በብር፣ በበቅሎና በክብር ልብስ ገለጹ።

የ«ዘ ጌም» ደራሲ ያላሰበው ነገር እዚህ አለ፦ ሰጪውም ይፈተናል። ጋፋት ሰፈር ሆነች። ሙያተኞቹ ቤት ሠሩ፣ ቫልድማየር የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አገባ፣ ልጆች ተወለዱ፣ የአገሬው ወጣቶች ከእነሱ ዘንድ ሙያ ተማሩ። እያንዳንዱ የተሳካ ሥራ ቀጣዩን ትልቅ ሥራ ጠራ። ለወንጌል የመጡ ሰዎች የንጉሡን ሞገስ ቀመሱ፤ ሞገሱ ደግሞ በመድፉ መጠን ያድግ ነበር። አስገደዱን ብለው ጽፈዋል፣ በከፊልም እውነት ነው። ግን ከምድጃው ፊት የተሰማቸውን የሙያ ኩራት በራሳቸው ጽሑፍ ውስጥ ማንበብ ይቻላል። መርከቧ ላይ ቢሆን ኖሮ ስጦታዋን ያመጣችው ሴት ራሷ ጨዋታውን አጥልቃ በተገኘች ነበር። እንዲህ ያለ ድርሰት ከዚያኛው በብዙ ይልቅ ነበር።

ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ የተወለደው ከዚህ ነው። ስሙ በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበችው ከተማ የተወሰደ ሲሆን ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይገመታል። ይህን ያህል ነገር የሚጎተትበት መንገድ በዚያ ደጋ አልነበረም፤ ስለዚህ መንገዱን መሥራት ግድ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ ግዛታቸው እጅግ ጠቦ ነበር። ትግራይ፣ ላስታ፣ ሸዋ ከእጃቸው ወጥተዋል፤ ቤጌምድር ራሱ በቀረጥና በዘመቻ ብዛት ተማሯል። እሳቸው ግን መድፉን ይዘው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው እየጎተተ፣ ድንጋይ እየፈለጠ፣ ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው መንገድ እየጠረጉ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። በዚያው ወራት ንጉሡ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ሊያስፈታ የመጣው የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ተነሥቶ ከባድ መድፎቹን በዝሆን ጀርባ እያጓጓዘ ይመጣ ነበር፤ ለዚህ ብቻ 44 ዝሆኖች ከሕንድ በመርከብ ተጭነዋል።

ይህን የመንገድ ሥራ የኢትዮጵያ የምህንድስና ታሪክ መጀመሪያ አድርገው የሚያወድሱ አሉ፣ ውዳሴውም ተገቢ ነው። ሆኖም ከዚያ ሠራዊት ጎን የቆመ ገበሬ ያየውን ማሰብ አለብን። የአገሩ ገዥ ያለ የሌለ ጉልበቱን በአንድ ብረት ላይ አፍስሷል። ከተማው ተቃጥሏል፣ እህሉ ተወስዷል፣ መድፉ ይሄዳል። ፈተና ማለት ይህ ነው። መሣሪያው ለአገር አንድነት ታስቦ ተሠራ፤ ቀስ በቀስ ግን የአገሩ ጉልበት ለመሣሪያው ሆነ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ላይ ውጊያ ሲደረግ ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሲሞቱ የንጉሡ የጦር መሪ ፊታውራሪ ገብርዬም ወደቁ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞተው ሁለት ሰው ነው። ሴባስቶፖል ይህን ውጤት ሊለውጥ አልቻለም።

አንድ አንባቢ፣ ቴዎድሮስ ምን አማራጭ ነበራቸው ብሎ ሊሞግት ይችላል። ሙግቱን አከብራለሁ። መድፍ የሌለው ንጉሥ በዚያ ዘመን ምን እንደሚገጥመው ደባርቂ አሳይቷቸዋል፣ ግብፅም በኋላ ዘመን በጉንደትና በጉራዕ ስትመጣ ፍርሃታቸው ልክ እንደነበረ ታይቷል። ስህተቱ መድፍ መፈለጋቸው ላይ አልነበረም። ስህተቱ የሚጀምረው የሚፈልጉትን ነገር በእጃቸው ያስገባላቸው ሰው፣ የሚፈልጉትን ዓለም ሁሉ ይሰጠናል ብለው ካመኑበት ቀን ነው። ይህን እምነት ያጸናው ደግሞ ሁለተኛው ስጦታ ነው።

በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንግሊዝ ቆንስል ካፒቴን ካሜሮን ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላኩ ሽጉጦች ይዞ ቀረበ። ሽጉጡ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ፣ ከእሱ በፊት ለነበረው ቆንስል ለፕላውደን ንጉሠ ነገሥቱ ስላደረጉለት ደግነት የቀረበ ምስጋና ነበር። ለለንደን ይህ የቢሮ ወግ ነው፤ አንድ ጉዳይ ለመዝጋት የሚሰጥ ትንሽ ዕቃ። ለደብረ ታቦር ግን የንግሥት እጅ መንሻ የወዳጅነት ቃል ነው፣ ቃል ደግሞ ምላሽ ይጠይቃል። ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፣ መልእክተኛ ሊልኩ እንደሚፈልጉ ገለጹ። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ ያለ መልስ ተቀመጠ። ካሜሮን በ1856 ዓ.ም. ታሰረ፣ ሌሎች አውሮፓውያንም ተከተሉት። መልሱ በሆርሙዝድ ራሳም እጅ በጥር 1858 ዓ.ም. ሲደርስ ቁስሉ ቆይቷል። ቀጥሎም ንጉሡ ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከው ተጨማሪ ሙያተኞችና መሣሪያ ጠየቁ፤ የተላኩት ምጽዋ ደርሰው እስረኞቹ ሳይፈቱ አይገቡም ተብለው ቀሩ። የጋፋት ጉጉት እስከመጨረሻው አለቀቃቸውም።

ስለ ሽጉጡ ሲወራ ሁሌም የሚነገረው ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ያጠፉበት መሆኑ ነው። በትያትርም በልቦለድም የሚስበው ይህ ነው፤ አገራችንም ከግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ጀምሮ እስከ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ አቤ ጉበኛና ጸጋዬ ገብረ መድኅን ድረስ ቴዎድሮስን በድርሰት ያነሡ ትልልቅ ብዕሮች አሏት። እንደኔ እምነት ግን የሽጉጡ አደጋ በጥይቱ ላይ አይደለም። ንጉሡን የጎዳቸው ሽጉጡ ከመተኮሱ ከአምስት ዓመት በፊት ነው፤ እኩያ ንጉሥ ነኝ፣ እኩያ ወዳጅ አለኝ ብለው እንዲያምኑ ባደረጋቸው ቀን።

ከሞታቸው አንድ ቀን በፊት ደግሞ ስጦታው በተቃራኒው አቅጣጫ ተጉዟል፤ ይህ ክፍል ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ይመስለኛል። ሚያዝያ 5 የትንሣኤ በዓል ነበር። ቴዎድሮስ ለናፒየር ሠራዊት መፈሰኪያ 1000 ላምና 500 በግ ላኩ። ጾም በተፈታበት ዕለት የተላከ ከብት በቤጌምድርም ሆነ በየትኛውም የሐበሻ ምድር ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ተቀብሎ ያረደ ሰው ታርቋል። ስጦታው ተቀባይነት አገኘ የሚል መልስ ለንጉሡ ደረሰ። እሳቸውም እርቅ ሆነ ብለው የቀሩትን አውሮፓውያን ከነቤተሰቦቻቸው ለቀቁ። ናፒየር ግን ከብቶቹን አልቀበልም አለ። ላሞቹ ከጦር ሰፈሩ ጠርዝ ላይ ሲቆሙ ቴዎድሮስ መደራደሪያ የሚሆን ምንም አልቀራቸውም ነበር። በማግስቱ አምባው ተወረረ።

ናፒየር ተንኮል አስቦ ነው ብዬ አልጽፍም፤ ማስረጃ የለኝም፣ አስፈላጊም አይደለም። የሁለቱ ሰዎች የስጦታ ሕግ ለየብቻ መሆኑ ብቻውን ሰው ገደለ። ያው ናፒየር ወደ ባሕር ሲመለስ ለረዱት ለትግራዩ ካሣ ምርጫ መድፎችና ብዙ መቶ ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። በ1863 ዓ.ም. ካሣ በዚያ መሣሪያ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን አሸነፉ፣ በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ፣ ደብረ ታቦርም ደግማ የንጉሥ መቀመጫ ሆነች። በአንዱ እጅ የጠፋው ምኞት በሌላው ተሳካ፤ እዚህኛው ላይ ተቀባዩ ምን እንደተሰጠውና ለምን እንደተሰጠው ያውቅ ነበር።

በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚለው ተረት ለእንዲህ ያለ ታሪክ ሁሉ መዝጊያ ሆኖ ይቀርባል። ለጋፋት አይበቃም። በተረቱ ገደሉ አስቀድሞ አለ፤ ጋፋት ላይ ግን ገደሉን የቆፈሩት የሚያምኑ፣ የሚደክሙ፣ ለአገራቸውና ለእምነታቸው ቀና ያሰቡ ሰዎች ናቸው። «ዘ ጌም» ይህን ማየት ያቃተው ደራሲው ጎበዝ ስላልሆነ አይደለም። ጠላት በስም የሚጠራበት ታሪክ ለመዝጋት ይቀላል፤ ተመልካቹም በአንድ ሰዓት ውስጥ ዕረፍት አግኝቶ ይነሣል።

የአማርኛ የሳይንስ ልቦለድ ገና ወጣት ነው፤ ወጣት ደራሲዎቻችን ደግሞ ከውጭ ፊልም የተቀዳ ክፉ ስጦታና ክፉ ሰጪ ይዘው ሲነሡ አያለሁ። ለእነሱ የምለው አለኝ፦ መርከባችሁን ወደ ፈለጋችሁት ኮከብ አምጥቁ፣ ግን የምድጃውን ሰዎች አሳፍሩበት። ስጦታውን በቅንነት የሚሰጥ፣ በእውነተኛ ችግር የሚቀበል፣ ሁለቱም የሚለወጡበት ታሪክ ጻፉ። በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ መምህራንም የቫልድማየርንና የፍላድን ማስታወሻዎች ከኢትዮጵያውያኑ ዜና መዋዕሎች ጎን አስቀምጣችሁ፣ ጋፋት ሜዳ ድረስ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ወጥታችሁ አስነብቡ።