የጭስ ማውጫው አናት

እንደ ቺካጎና ሚኒያፖሊስ ባሉ ብርዳማ ከተሞች በቆዩ የጡብ ቤቶች ላይ የጭስ ማውጫውን አናት የሚሸፍን የኮንክሪት ክዳን አለ። ከቤቱ ሥራ ሁሉ እኔ የማደንቀው እሱን ነው። በወጉ ሲሠራ ከመሃሉ ወደ ዳር ያዘቀዝቃል፤ ጠርዙም ከጡቡ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ይላል። ከጠርዙ ሥር ደግሞ ቀጭን ቦይ ይወጣለታል። ውሃው ወደ ግድግዳው ሊመለስ ሲል እዚያች ቦይ ጋ ይቆምና ቁልቁል ይንጠባጠባል። ይህን ብልሃት ያሰበ ሰው ይባረክ!

ጡብ ውስጥ የሰረገ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። እየቀዘቀዘና እየቀለጠ ከርሞ ጡቡን ይልጠዋል። አንዳንድ ግንበኞች ከግንቡ የተረፈውን የስሚንቶ ቡኬት አናቱ ላይ ለቅልቀው ይወርዳሉ፤ ያ ስስ ልስን ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ያሳዝነኛል። ጥሩ ባለሙያ ግን ኮንክሪቱን ወፈር አድርጎ ያፈሳል። በውስጡ የሚያልፈው የሸክላ ቱቦ በእሳት ሲሞቅ ስለሚለጠጥ፣ ኮንክሪቱን እንዳይሰነጥቀው በመካከላቸው ጠባብ ክፍተት ይተዋል፤ ክፍተቱንም እንደ ጎማ በሚሳብ ማሸጊያ ይደፍነዋል።