ሦስቱ ሲሊንደሮች የሚመሰክሩት

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ አሮጌ የቤንዚን ፒካፕ ሚስ ማድረግ ሲጀምር፣ ማለትም ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ መሥራት ሲያቆም፣ ቀድሞ የሚፈታው ካርቡሬተሩ ነው። ሾፌሩ ራሱ «ካርቡሬተሩን እጠብልኝ» እያለ ይገባል። መካኒኩ ይፈታል፣ በቤንዚን ያጥባል፣ በኮምፕረሰር ይነፋል፣ መልሶ ይገጥማል። መኪናውም እንደገባ ይወጣል። ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። ካርቡሬተር ለአራቱም ሲሊንደር የጋራ ነው፤ ቢደፈን አራቱም አብረው ይራባሉ፣ ቢያጥለቀልቅ አራቱም አብረው ይጠግባሉ። አንዱ ብቻ ሲሞት የቀሩት ሦስቱ የካርቡሬተሩን ንጽሕና እየመሰከሩ ነው።

ምስክርነቱ ለቦቢናውም ለቤንዚን ፓምፑም ይሆናል። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት የሞተው ሲሊንደር ከሌሎቹ ጋር የማይጋራው ምን እንደሆነ ነው። ካንዴላው፣ የካንዴላው ገመድ፣ በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ላይ ያለው የራሱ ጫፍ፣ ሁለቱ ቫልቮቹ፣ የፒስተኑ ፋሻዎች፣ ቤንዚንና አየር የሚገባበት የማኒፎልድ ቱቦና ጓርኒሲዮኑ። ከዚህ ውጭ አንድ ነገር ብቻ እጠረጥራለሁ፤ ፑንቲና ባላቸው ሞተሮች የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ማረፊያው ተበልቶ የሚወዛወዝ ከሆነ የፑንቲናው ክፍተት ከሲሊንደር ሲሊንደር ይለያያል፤ ያኔ የጋራው ዕቃ የአንድ ሲሊንደር በሽታ መስሎ ይታያል። ዘንጉን በእጅ ወደ ጎን መነቅነቅ ይህን ለማወቅ ይበቃል።

የታመመውን ለማግኘት ሞተሩን አሙቄ በሚኒሞ እተወዋለሁ፤ ከዚያ የካንዴላ ገመዶቹን በየተራ እነቅላለሁ። የጤነኛው ሲነቀል ሞተሩ ይንገዳገዳል፣ ድምፁ ይወርዳል። የታመመው ሲነቀል ግን ምንም አይለወጥም። መንቀል የሚገባው በደረቅ ጨርቅ ወይም እጀታው ፕላስቲክ በለበሰ ፒንሳ ነው። የተነቀለውንም ገመድ አየር ላይ አልተወውም፤ ትርፍ ካንዴላ ሰክቼበት ካንዴላውን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነካዋለሁ። መሄጃ ያጣ ብልጭታ ቦቢናውን፣ ካለም የኤሌክትሮኒክ ሞጁሉን ሊያቃጥል ይችላል። አቆጣጠሩም እንደ መኪናው ነው፤ በቶዮታ አንደኛው ሲሊንደር በራዲያተሩ በኩል ያለው ሲሆን በፔጆ 504 ቆጠራው ከቮላኖው ይጀምራል።

ቀጥሎ አዲስ ዕቃ አልገዛም፤ አለዋውጣለሁ። የታመመው ሁለተኛው ከሆነ የሁለተኛውን ካንዴላ ለሦስተኛው፣ የሦስተኛውን ለሁለተኛው። ሚሱ ከካንዴላው ጋር ወደ ሦስተኛው ከሄደ ነገሩ አለቀ። ካልሄደ ገመዱን። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፤ ሁለት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው መኪናው ቢድን እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ባለ አሮጌ መኪናው ያለውን ይዞ መቆየት ግድ ሆኖበታል፤ ገንዘቡን በግምት ዕቃ ላይ ማስጨረስ ነውር ነው።

በክረምት አንድ ደንበኛዬ ከወረታ ሩዝ የሚያመላልሱበትን ሃይሉክስ ይዘው መጡ። ካርቡሬተሩ ሌላ ቦታ ታጥቧል።

«ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት ነው የሚያስቸግረኝ። ሐሙሲት ስደርስ ይተወዋል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሌሊት የት ያሳድሩታል?»

«ደጅ ነዋ፣ ሐይቁ ዳር።»

ከዚህ በኋላ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። ሐምሌና ነሐሴ የጣና ዳር እርጥበት ሌሊቱን ሙሉ የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ላይ ያድራል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይደርቃል። ካንዴላም ገመድም አለዋወጥን፤ ሚሱ ከሁለተኛው አልነቃነቅ አለ። ሲጨልም መብራት አጥፍተን በዲስትሪቢዩተሩ ላይ ጥቂት ውኃ በጭጋግ መልክ ረጨሁ። ከሁለተኛው ጫፍ ሥር ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ክዳኑ ጠርዝ ሲሮጥ እሳቸውም አዩት። ክዳኑን ስንፈታው በውስጡ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ነበረበት። ብልጭታው አንዴ በዚያ በኩል ካቃጠለ መንገዱ ከሰል ሆኖ ይቀራል፤ መጥረግ አያድነውም፣ ክዳኑ ይቀየራል።

ብልጭታው ጤነኛ ሆኖ ሚሱ ካልለቀቀ ወደ ኮምፕረሽን እሄዳለሁ። አራቱም ካንዴላዎች ይወጣሉ፣ ቦቢናው ይቋረጣል፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ይረገጣል፣ የጌጁ መርፌ መውጣት እስኪያቆም በሞተሪኖ ይሽከረከራል። እዚህ ላይ ብዙ ሞተር ያለ ጥፋቱ ተፈርዶበታል። የሃይሉክሱ 22 አር ሞተር መጽሐፍ ጤነኛ ኮምፕረሽን 171 ፒ ኤስ አይ ነው ይላል፤ ከ142 በታች ከሆነ ጥገና ያዝዛል። ያ ቁጥር ግን የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት በጠረፍ ካለው ከ80 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ምንም ያልተበላ ሞተር እኛ ጋ ወደ 140 ያነባል፤ ደብረ ታቦር ላይ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከዚያም ይወርዳል። መጽሐፉን ይዞ «ፋሻው አልቋል» የሚል መካኒክ ጤነኛ ሞተር ያስፈርሳል። እኔ የማነጻጽረው ከጎረቤቱ ጋር ነው። 138፣ 136፣ 139 ካሉት መካከል 85 የሚያነበው ራሱን አጋልጧል። የካንዴላ ቀለምም እንዲሁ ነው፤ በስስ አየር ካርቡሬተሩ ቤንዚን ስለሚያበዛ አራቱም ጠቆር ቢሉ አይደንቅም፤ ከሦስቱ የተለየውን ነው መፈለግ።

ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት አፍስሼ ደግሜ እለካለሁ። ቁጥሩ ከዘለለ ፋሻ ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቭ ነው፣ ወይም ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ የቴስታታው ጓርኒሲዮን። ቴስታታ ከመፍታት በፊት ግን የቫልቭ ክፍተት ይለካል፤ በዚህ ሞተር ሲሞቅ የማስገቢያው 0.20፣ የማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ሾፌሮች የሚንኳኳ ቫልቭ ያስፈራቸዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ያለው ነው። የማስወጫ ቫልቭ መቀመጫውን እየበላ ሲሰምጥ ክፍተቱ ያለ ድምፅ ይጠፋል፤ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መዘጋት ያቅተዋል፤ የሚያመልጠው እሳት ጠርዙን ያቃጥለዋል። በጊዜ ከተደረሰበት ካቻቢቴና አንድ ቁልፍ ይበቃል። ከዘገየ ቴስታታው ይወርዳል።

ሥራው ሲያልቅ በሚኒሞ አማረ ብዬ አላስረክብም። ጭነት ጭኜ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ እወጣለሁ፣ በከባድ ማርሽ፣ ፔዳሉን ረግጬ። ደካማ ብልጭታ በሚኒሞ ይደበቃል፤ ሲሊንደሩ ሞልቶ ሲታመቅ ግን መዝለል አቅቶት ሚሱ እዚያው ዳገቱ ላይ ይመለሳል። ቫልቭ ያስተካከልኩለትን ደግሞ ከጥቂት ሳምንት ሥራ በኋላ ክፍተቱን ልለካው መልሼ እጠራዋለሁ፤ እንደገና ጠቦ ከተገኘ መቀመጫው እየሰመጠ ነው፣ ቴስታታውን መፍታት የሚገባውም ያኔ ነው።